የወረቀት ማንጫ ውሃ ወደ ጨሞጋ ወንዝ ከመሄዱ በፊት

የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ተደራጅተው ወረቀት ይሠራሉ። ጥሬ ዕቃቸው የጤፍ ጭድና ከየቢሮው የሚሰበስቡት አሮጌ ወረቀት ነው። የሠርግ መጥሪያ፣ የስጦታ ከረጢት፣ የአልበም ሽፋን ያወጡበታል። ደንበኛው ነጭ ወረቀት ይፈልጋል፤ ጭድ ደግሞ ነጭ አይደለም። ስለዚህ በበረኪና ያነጡታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ስላሳለፍኩ፣ «እትዬ፣ ይሄን ውሃ ምን እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ለእነሱ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ባሕር ዳር ላይ ደንገል የሚያነጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም ላይ የበቆሎ ሽፋን የሚቀቅል ሰው መጠኑን በራሱ በርሜል ልክ እያስተካከለ ሊሠራበት ይችላል።

አንድ የመጣ ተቆጣጣሪ «ውሃ ጨምሩበትና ልቀቁት» ብሏቸው ነበር። ይህ ማከም አይባልም። ክሎሪን በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች ሆኖ እንኳ ዓሣን ይጎዳል። አንድ ሊትር በረኪና 5 በመቶ ከሆነ ወደ 50 ግራም ክሎሪን ይይዛል። በማቅጠን ብቻ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ውሃ አስሉት፤ ለዚያ የሚበቃ ውሃ ደብረ ማርቆስ የላትም።

ውሃው ውስጥ ምን አለ?

ጭድም ሆነ እንጨት ውስጡ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። ክሮቹን አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ ወረቀትን ቡናማ የሚያደርገውም እሱ ነው። መቀቀያው አብዛኛውን ያወጣል። የቀረውን ማንጫው ይሰብረውና ወደ ውሃው ያስገባዋል። ስለዚህ ከማንጣት የሚወጣ ውሃ ሦስት ነገር ይዟል፦ ሥራውን ያልጨረሰ ማንጫ፣ የተሰባበረ ሊግኒን፣ ያመለጠ ቀጭን ክር። በዚህ ላይ ጨው አለ።

ክሎሪን ከሊግኒን ጋር ሲገናኝ ደግሞ አራተኛ ነገር ይፈጠራል፤ ክሎሪን የተጣበቀባቸው የካርቦን ውህዶች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በቀላሉ አይበሰብሱም፤ በዓሣ ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰሜን አሜሪካና በስካንዲኔቪያ ከወረቀት ፋብሪካዎች በታች ባሉ ውሃዎች ዳይኦክሲን የሚባለው ኃይለኛ መርዝ ሲገኝ ትልቅ ጩኸት ተነሳ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጋዙን ክሎሪን እየተዉ ወደ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ኦክስጅን፣ ወደ ኦዞንና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም በክሎሪን ጋዝ የሚያነጣ የፐልፕ (ወረቀት የሚሆነው የተቀቀለ የክር ሊጥ) ሥራን ከዳይኦክሲን ምንጮች መሐል ዘርዝሮታል። በረኪና ጋዙ ክሎሪን አይደለም፤ ግን ዘመዱ ነው። ክሎሮፎርምም ያወጣል። ማንጣቱ ደጅ ላይ እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራም የምለው ለዚህ ነው።

ትልልቅ ፋብሪካ ላይ የመቀቀያው ጥቁር ውሃ ተወፍሮ በቦይለር ይቃጠላል፤ ኬሚካሉም ተመልሶ ይገኛል። የማንጫው ውሃ ግን ክሎራይዱ ብረቱን ስለሚበላው ወደዚያ ቦይለር መግባት አይችልም። ለዚህ ነው የማንጫ ውሃ በየፋብሪካው ራሱን የቻለ ራስ ምታት የሆነው። እኛ ጋም እንደዚያው ነው፤ በርሜሉ ብቻ ነው ያነሰው።

በርሜሎቹን ለዩ

የመቀቀያው ውሃ፣ የማንጫው ውሃና የማጠቢያው ውሃ በአንድ ቦይ አይሂዱ። የመቀቀያው ውሃ በኮስቲክ ሶዳ የተሞላ ነው፤ ፒኤቹ 12 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ 7 መሐሉ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ)። እሱን ለሚቀጥለው መቀቀያ መልሱት፤ የጎደለውን ሶዳ ብቻ ጨምሩበት። ሊጥ እስኪመስል ሲወፍር ምን እንደሚደረግ ሌላ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው።

የመጨረሻው ማጠቢያ ውሃ ከሞላ ጎደል ንጹህ ነው። አትድፉት። ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሁን። እንዲህ ወደኋላ እየመለሳችሁ ስትጠቀሙ የምታክሙት ውሃ በጣም ይቀንሳል፤ ለቧንቧ ውሃ ተራ የምትጠብቁበትም ጊዜ አብሮ ይቀንሳል።

ሌላው፣ ጭዱ ከተቀቀለ በኋላ በደንብ ይታጠብ። ጥቁሩ ውሃ ያልለቀቀው ጭድ በረኪናውን በከንቱ ይበላዋል። ልጆቹ ማጠቢያውን ሲያሳጥሩ በረኪናው በእጥፍ ይሄዳል። ከዚያ «በረኪናው ተጭበርብሯል» ይላሉ። አንዳንዴ እውነትም ተጭበርብሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭዱ አልታጠበም።

ለማከሚያ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 200 ሊትር የሚይዙ ሰማያዊ በርሜሎች ሦስት፣ አቡጀዲ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ የፒኤች ወረቀት፣ የክሎሪን መለኪያ። የክሎሪን መለኪያው ለመዋኛ ገንዳና ለመጠጥ ውሃ የሚሸጠው፣ ውሃውን ሮዝ የሚያደርገው ነው። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ደግሞ ከሁሉም በፊት ይገዛ።

መጀመሪያ ክሎሪኑ ይሙት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ክሎሪኑ ሳያልቅ ሌላ ምንም ነገር ወደ በርሜሉ አይገባም። በረኪና ላይ አሲድ ሲገባ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ የባትሪ አሲድም ያው ናቸው። በረኪና ላይ ዩሪያ፣ ሽንት ወይም እበት ሲገባም ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። አሉምም ቢሆን አሲድነት ስላለው ይቆይ።

ፐልፑን በአቡጀዲ አጥልሉትና ውሃው ብቻ ወደ መጀመሪያው በርሜል ይግባ። አቡጀዲው ላይ የቀረው ክር ወረቀት ነው፤ ወደ ፐልፑ ይመለስ። በርሜሉን ክፍት አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አሳድሩት፤ ልጅም ከብትም እንዳይደርስበት ግን ይታጠር። የፀሐይ ብርሃን በረኪናን ይሰብራል። የጎጃም የበጋ ፀሐይ እዚህ ላይ ነጻ ሠራተኛ ነው፤ ተጠቀሙበት።

በማግስቱ ለኩ። መለኪያው የሚያነበው በሊትር እስከ ጥቂት ሚሊግራም ድረስ ስለሆነ ናሙናውን ማቅጠን ይኖርባችኋል። አንድ እጅ ናሙና፣ 49 እጅ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ የባትሪ ውሃ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ራሱ ክሎሪን አለው። የባትሪ ውሃ ስል አሲዱን ማለቴ አይደለም፣ ንጹሁን ውሃ ነው፤ ሱቅ ስትጠይቁ ለዩ። ያነበባችሁትን በ50 አብዙት። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ ክሎሪኑ ከልክ በላይ ሲበዛ የመለኪያውን ሮዝ ቀለም ራሱን ያነጣዋል። ጠብታው ሲገባ ብልጭ ብሎ ከጠፋ «ዜሮ ነው» አትበሉ፤ ጨምራችሁ አቅጥኑ።

እንበልና በሊትር 100 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን አገኛችሁ። 200 ሊትር ላይ ይህ 20 ግራም ክሎሪን ነው። ይህን የሚገድለው ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ነው፤ ኬሚካል መሸጫዎች ያውቁታል። ለ1 ግራም ክሎሪን በስሌት 1.34 ግራም ይፈልጋል። ስለዚህ 27 ግራም፤ ትንሽ ጨምራችሁ 30 ግራም በሉት። ዱቄቱን እንዳለ አትበትኑት። በአንድ ባልዲ ውሃ አሟሙታችሁ፣ የበርሜሉ ውሃ ገና አልካሊ እያለ፣ ማለት ፒኤቹ ከ8 በላይ ሆኖ፣ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ሽታው አፍንጫን ስለሚወጋ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ዜሮ እስኪል ድረስ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ከልክ በላይ አትሂዱ፤ የተረፈው ሰልፋይት ከውሃው ውስጥ ኦክስጅን ይበላል።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ሃይፖ የሚሉት ሶዲየም ታዮሰልፌትም ይሠራል። የሚፈጀው መጠን ግን እንደ ውሃው ፒኤች ስለሚለዋወጥ በመለኪያው እየተመራችሁ ጨምሩት።

የእህቴ ልጅ አንድ ቀን «እትዬ፣ ጠርቷል እኮ!» ብሎ ጠራኝ። ጠርቷል፣ እውነቱን ነው። ክሎሪን እስካለበት ድረስ ውሃ ቀለሙ ይጠፋል። ጨሞጋ ዳር ልብስ የምታጥበው ሴትና ውሃ የሚጠጣው ጥጃ ግን የሚያገኙት ቀለሙን አይደለም።

ከዚያ ቀለሙና ዝቃጩ

ክሎሪኑ ዜሮ ሲሆን ውሃው ብዙ ጊዜ ቀጭን ሻይ መስሎ ይቀራል። ያ የሟሟ ሊግኒን ነው። ብቻውን አይዘቅጥም፤ ሳምንት ብታሳድሩትም ያው ነው። አሉም ያስፈልገዋል። አሉም ማለት የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች ጭቃ የሚያዘቅጡበት አሉሚኒየም ሰልፌት ነው።

ስንት አሉም? ማንም በስልክ ሊነግራችሁ አይችልም፤ የእናንተን ውሃ ራሳችሁ መሞከር አለባችሁ። አምስት ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንገታቸውን ቁረጡና በአንድ አንድ ሊትር የበርሜሉን ውሃ ሙሉ። 10 ግራም አሉም በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ አሟሙ። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ስትወስዱ 100 ሚሊግራም አሉም ወሰዳችሁ ማለት ነው። በሲሪንጅ ለመጀመሪያው 10 ሚሊ፣ ለሁለተኛው 20፣ ከዚያ 30፣ 40፣ 60። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል በጣም በዝግታ አማስሉ። መቸኮል የተጠራቀመውን ይበትነዋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከጀርባው ነጭ ወረቀት ይዛችሁ እዩ። የጠራው የትኛው ነው? ከእሱ በላይ የተጨመረበትስ ልዩነት አለው? ልዩነት ከሌለው ትንሹን መጠን ምረጡ። ለምሳሌ 300 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ፣ ለ200 ሊትር በርሜል 60 ግራም ነው።

ፒኤቹን እዚህ ላይ አትርሱ። ለጭቃ ውሃ አሉም ከ6 እስከ 7 ገደማ ደህና ይሠራል። የሊግኒን ቀለም ግን ትንሽ አሲድነት ይወዳል፤ ከ5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ይበልጥ ይጣበቃል። አሉሙ ራሱ ፒኤቹን ያወርዳል። ካልወረደ ብቻ ቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ በጠብታ ጨምሩ። የምትገዙት አዲስ የባትሪ አሲድ ይሁን፤ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ አሲድ እርሳስ አለበትና ወደ ግቢው እንኳ አይግባ። አሲዱ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

በርሜሉ አንድ ሌሊት ይቀመጥ። ከሥሩ ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ቀዳዳና ቧንቧ ካለው የጠራው በራሱ ወደ ሁለተኛው በርሜል ይወርዳል፤ ዝቃጩ ታች ይቀራል።

ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ፒኤቹን ወደ 7 መልሱት። ለዚህ ኖራ ነው የሚሆነው። ግን ኖራ ስትሉ ሁለት ዓይነት አለ። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ኃይለኛ ነው፤ እጅ ካመለጠ ፒኤቹን እስከ 12 ይወስደዋል። በአዊና በምዕራብ ጎጃም ገበሬው አሲዳማ መሬት ላይ የሚበትነው ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ዝግተኛ ነው፤ ወደ 8 ሲጠጋ ራሱ ይቆማል። ለጀማሪ እኔ የገበሬውን እመርጣለሁ። አማስሎ ማሳደር ብቻ ነው።

የጠጠር አልጋው

እስካሁን የሠራነው ኬሚስትሪ ነው። የቀረውን የሚበላ ረቂቅ ሕዋስ ያስፈልጋል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ግዙፍ ገንዳ ውስጥ በማሽን አየር እየነፉ ያደርጉታል። ለወርክሾፕ ግን መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ቦታ በኤሌክትሪክ አየር ላይ መመካት አያዋጣም። የጠጠር አልጋ መብራት አይጠይቅም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በቀን 200 ሊትር ታወጣላችሁ እንበል። ውሃው አልጋው ውስጥ 6 ቀን እንዲቆይ ከተፈለገ 1,200 ሊትር ውሃ የሚይዝ ክፍተት ያስፈልጋል። የኮንክሪት ጠጠር ከመጠኑ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ክፍተት ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ኩብ ጠጠር። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ከሆነ 6 ካሬ ሜትር ቦታ ማለት ነው፤ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር። ጉድጓዱ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍበት፤ አለበለዚያ ሳይታከም ወደ ጎረቤት የጉድጓድ ውሃ ይሰርጋል። ውሃው በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የውሃው ከፍታ ከጠጠሩ ገጽ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ይቆይ። ያን ጊዜ ሽታም ትንኝም አይኖርም።

ላዩ ላይ ፊላ ትከሉ። ባሕር ዳር ያላችሁ ደንገል መትከል ትችላላችሁ። ተክሉ ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ ሥሩ ግን ለሕዋሶቹ ቤት ይሆናል። ለማስጀመር ከረግረግ ያመጣችሁትን ጭቃና ትኩስ እበት በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት። የታከመውን ውሃ መጀመሪያ ሩቡን ብቻ ከንጹህ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ስጡት፤ በየሳምንቱ ጨምሩ። ባንዴ ከጫናችሁበት ሕዋሱ ይሞታል፤ ሽታው ያሳውቃችኋል።

ሕዋስ ካርቦን ብቻ በልቶ አይኖርም። የወረቀት ፍሳሽ ካርቦን ሞልቶታል፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን የለውም። በተለምዶ የሚያዘው መጠን ለ100 እጅ ቢኦዲ 5 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ነው። ቢኦዲ ማለት ሕዋሱ በአምስት ቀን ውስጥ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን ነው። ደግነቱ ጎጃም ውስጥ ዩሪያና ኤንፒኤስ የሚባሉትን ማዳበሪያዎች የማያውቅ ሰው የለም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ ጆንያው ላይ 38 የተባለው ፎስፌት ወደ ንጹህ ፎስፈረስ ሲመለስ 16.6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቢኦዲው በሊትር 400 ሚሊግራም ለሆነ 1,000 ሊትር ውሃ 24 ግራም ኤንፒኤስና 34 ግራም ዩሪያ ይበቃል። እፍኝ አይሞላም። ከዚህ በላይ መጨመር ወንዙን ማዳበሪያ ማጠጣት ነው፤ ውሃው ላይ አረንጓዴ ሽበት (አልጌ) ያመጣል። ከጆንያው በእፍኝ ሊዘግን የተነሳውን ልጅ እጁን ይዤ ወደ ሚዛኑ መልሼዋለሁ።

ቢኦዲውን እናንተ መለካት አትችሉም። ክሎሪኑ ዜሮ ከሆነ በኋላ ናሙና ወስዳችሁ፣ በበረዶ አቀዝቅዛችሁ፣ በዚያው ቀን የውሃ ላብራቶሪ ያለው ቦታ አድርሱ። ሲኦዲውንም ጠይቁ፤ እሱ ሕዋስ የሚበላውንም የማይበላውንም ቆሻሻ በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን ነው። ሲኦዲው ከቢኦዲው ብዙ እጥፍ ከሆነ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሕዋስ የማይበላው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ አልጋውን ማስፋት ብዙ አይፈይድም። መፍትሔው ወደ አሉሙ መመለስ፣ ከዚያም ይበልጥ ወደ ማንጫው ራሱ መሄድ ነው።

ደጋ መሆናችንንም አስቡ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ላይ ያለ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ጋ ወደ 7 ነው የሚይዘው። ሌሊቱም ይበርዳል፤ በብርድ ሕዋስ ሰነፍ ነው። ከቆላ አገር የተቀዳ ስሌት ላይ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። ወደ አልጋው የሚገባው ውሃ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንጠባጠበ ቢወርድ ደግሞ ኦክስጅን በነጻ ይዞ ይገባል።

በፌጦ መፈተሽ

ከአልጋው የወጣው ውሃ ደህና መሆኑን ለማወቅ የምወደው መንገድ ፌጦ ነው። ላብራቶሪዎችም ለመርዝ መፈተሻ ፌጦን ይጠቀማሉ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ መርዝ አይችልም። ሁለት ሳህን ላይ ጥጥ አንጥፉ። አንዱን በንጹህ ውሃ፣ አንዱን በታከመው ውሃ አርሱ። በእያንዳንዱ 20 የፌጦ ፍሬ በትኑ፤ ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩ። በሦስተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ፤ የሥሩንም ርዝመት ለኩ። የታከመው ከንጹሁ ብዙ ካነሰ ውሃው ገና ነው፤ ወደ መጀመሪያው በርሜል ይመለስ። ንጹህ ውሃ ለማነጻጸሪያ ስትወስዱ የምንጭ ወይም የዝናብ ይሁን።

ፒኤቹም ከ6 እስከ 9 ባለው ውስጥ ይሁን። ይህ ሁሉ አልፎ ውሃው ሲወጣ ግን ጨው እንዳለበት አትርሱ። ሶዳውም በረኪናውም ሶዲየም ትተው ነው የሚሄዱት፤ ጠጠርም ፊላም አያወጣውም። ሶዲየም ደግሞ መረሬ አፈርን ያበላሻል፤ ሲረጥብ ይዘጋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ የጎመን መደብ አታጠጡበት። ተመልሶ ጭድ መዘፍዘፊያ ቢሆን ይሻላል።

በበርሜሉ ሥር የቀረው ዝቃጭ አሸዋ ላይ ፈሶ ይደርቃል። በበረኪና ከነጣ ፐልፕ የወጣ ከሆነ ክሎሪን የያዙት ውህዶች ከሱ ጋር ናቸው። ማሳ ላይ አይበተንም፤ አይቃጠልምም። በዝቅተኛ እሳት ክሎሪን ያለበትን ነገር ማቃጠል ዳይኦክሲን ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ላስቲክ በተነጠፈበት፣ ከጉድጓድ ውሃ በራቀ፣ ክዳን ባለው ጉድጓድ ይቀመጥ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ነገር የሚለቅ ሰው ተጠያቂ እንደሆነ ይናገራል። የወረዳው አካባቢ ጥበቃ መጥቶ ከመጠየቁ በፊት የለካችሁትን በደብተር መዝግቡ፤ ቀን፣ ክሎሪን፣ ፒኤች፣ አሉም።

በረኪናውን ብትተዉትስ?

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚረክሰው ማከሚያ ይህ ነው። ክሎሪን የነካውን ሊግኒን በርሜልና ጠጠር ሙሉ በሙሉ አያድነውም፤ ይቀንሰዋል እንጂ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግን ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ይሆናል።

ለ1 ኪሎ ደረቅ ክር መነሻው እንዲህ ነው፦ 50 በመቶ ፐርኦክሳይድ 60 ግራም፣ ኮስቲክ ሶዳ ከ15 እስከ 20 ግራም፣ ሶዲየም ሲሊኬት 30 ግራም። ፐልፑ ወፈር ይበል፤ ወደ 70 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ። የምትጠቀሙት ውሃ ብረት ወይም ማንጋኒዝ ካለው ፐርኦክሳይዱን ቀድሞ ይፈጀዋል፤ የዝናብ ውሃ ይሻላል። የብረት ድስትም አይሆንም፤ አይዝጌ ወይም ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ይሁን። 50 በመቶው ቆዳን አንጥቶ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ተደፍቶ ጨርቅ ወይም ጭድ ላይ ቢደርቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዕቃው ተጠርቅሞ አይዘጋ፤ ይፈነዳል።

ቀሪ ፐርኦክሳይድ መኖሩን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። ጥሬ ድንች ቆርጣችሁ ውሃው ውስጥ ጣሉ። ዙሪያውን አረፋ ካወጣ ገና አለ ማለት ነው። አረፋው ሲጠፋ ወደ አሉሙና ወደ ጠጠሩ ይሂድ። ክሎሪን የሚገድለው ደረጃ ጨርሶ አያስፈልግም።

ወረቀቱ እንደ በረኪናው አይነጣም። የክሬም ቀለም ይዞ ይቀራል። ልጆቹ መጀመሪያ «ማን ይገዛዋል?» አሉ። አሁን የሠርግ መጥሪያ የሚያሠሩት ሙሽሮች ክሬሙን መርጠው ይሄዳሉ። ሙሉ ነጭ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን የቢሮ ወረቀት ያበዙበታል፤ እሱ ፋብሪካ ላይ አንድ ጊዜ ነጥቷልና።

ለክረምት

ሰኔ ከመግባቱ በፊት በጠጠሩ አልጋ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ፤ የጎርፍ ውሃ እንዳይገባበት። በርሜሎቹ ክዳን ይኑራቸው፤ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ጎደሎ ይሁኑ። አንድ የሐምሌ ከሰዓት ዝናብ ያልታከመ በርሜል አስሞልቶ ወደ ጨሞጋ ሊያወርደው ይችላል፤ ጨሞጋ ደግሞ ዓባይ ነው የሚገባው። ፀሐይ ስለማይኖር ክሎሪኑም በራሱ አይሞትም፤ ሙሉው በኬሚካል ይሆናል፣ ወጪው ይጨምራል። የእኛዎቹ ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርሶ አያነጡም። በእነዚህ ወራት ያልነጣ የጭድ ወረቀት ይሠራሉ፤ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሰዎች ለከረጢት ይወስዱታል።